ስለ በጎ ፈቃደኞችና ስለ በጎ አድራጎት ማኅበሮች አመራረጥ፤ ከጐንደር ከተማና ከሰሜን ጐንደር ደጋ በተገኘ ማስረጃ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በፈቃዱ ሊያገለግል ወደ ጐንደር የሚመጣ የውጭ አገር ወጣት፤ ወይም ባሕር ማዶ ሆኖ ለጐንደር ልጆች ጥቂት ገንዘብ ለመላክ የሚያስብ ሰው፤ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ከብዙዎቹ ማኅበሮች የትኛውን ልርዳ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች ብዙ ቢመስሉም ሲጠቃለሉ አራት መለኪያዎች ይሆናሉ። አንደኛው፤ ለጽሕፈት ቤቱና ለሠራተኛው ጥቂት የሚያወጣውን ምረጥ የሚል ነው። ሁለተኛው፤ ሄደህ በዓይንህ ያየኸውን ምረጥ የሚል ነው። ሦስተኛው፤ የምትረዳውን ልጅ በስሙና በፎቶግራፉ የሚያሳውቅህን ምረጥ የሚል ነው። አራተኛው፤ የአገሩ ተወላጆች ያቋቋሙትን ምረጥ የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን አራት መለኪያዎች በጐንደር ታሪክ እየመረመሩ የትኛው እንደሚጸና፤ የትኛውም እንደሚወድቅ ማሳየት ነው። የሰጪውን ሰው ልብ ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ የምንተቸው የምርጫውን መንገድ ነው። ነገሩ ለተማሪዎች የሩቅ ጉዳይ መስሎ እንዳይታይም ያስፈልጋል። ለእንግዳው የሚያስተረጕመው፤ መንገድ የሚያሳየው፤ የማኅበሩን ሪፖርት የሚጽፈው፤ ከተመረቀም በኋላ በማኅበሩ የሚቀጠረው አብዛኛውን ጊዜ ከእኛው መካከል የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ የእንግዳው ምርጫ በከፊል የእኛ ምርጫ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ጐንደርና የባሕር ማዶ ረዳቶች

በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት በ1954 የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ለማቋቋም የኢትዮጵያ መንግሥት፤ የዓለም ጤና ድርጅት፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የአሜሪካ መንግሥት ተባብረዋል። ከመጀመሪያዎቹ መምህራን ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የኮሌጁ ሐሳብ ግን የውጭ ሐኪም አምጥቶ በሽተኛ ማሳከም አልነበረም፤ የጤና መኮንን፤ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አሠልጥኖ ሦስቱን በአንድ ቡድን ወደ ገጠር መላክ ነበር። ተማሪዎቹ ሳይመረቁ በፊት በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ወርደው ይሠሩ ነበር፤ ይህም ልማድ በጐንደር ጸንቶ ኖሯል።

በ1962 ከ270 በላይ የሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። መሪያቸው ኋላ የፔንሲልቬኒያ ሴናተር የሆኑት ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ የጐንደርም ትምህርት ቤቶች ከእነዚህ መምህራን ድርሻቸውን አግኝተዋል። ብዙም ሳይቆይ፤ በ1964፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ የሚያዝዘው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። በዚህ ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በፈቃዱ ከባሕር ማዶ የመጣ ወጣትና በሕግ ታዝዞ ከአዲስ አበባ የሄደ ወጣት ጎን ለጎን ቆመው አስተማሩ። ስለ በጎ ፈቃድ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አይገኝም። ፈረንጁ ውሉን ሲጨርስ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ኢትዮጵያዊው ግን ስለ ገጠሩ ያየውንና የሰማውን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይገባል። የ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ስለ ገበሬው ኑሮ ሲናገር ያየውን እንጂ በመጽሐፍ ያነበበውን ብቻ እንዳልተናገረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1968 ኢቫን ኢሊች የተባሉት ቄስና ሊቅ ለአሜሪካ ተማሪ ፈቃደኞች ባደረጉት ንግግር፤ ቋንቋውን ሳታውቁና ሳትጠሩ መጥታችሁ በድኻው ላይ ራሳችሁን አትጫኑበት የሚል አሳብ በግልጽ አስረድተዋል። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመቶች በኢትዮጵያም ተማሪዎች የሰላም ጓድን በብርቱ ተቃወሙ። የሁለቱ ተቃውሞ መነሻ አንድ አይደለም፤ ኢሊች የፈቃደኛውን ትዕቢት፤ የእኛ ተማሪዎች ግን ከፈቃደኛው በስተጀርባ ያለውን መንግሥት ተመለከቱ። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ዘለሉ፤ ከዚያ መምህር የተማረው የጐንደር ልጅ ራሱ ምን እንደሚል አልጠየቁም። ይህ ጉድለት እስከ ዛሬ ድረስ በሰጪውም በተቃዋሚውም ዘንድ ይታያል።

በ1977 የሰላም ጓድ ከኢትዮጵያ ወጣ። በ1978 በጐንደር የሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፈት ረዳቱ በምሥራቅ ጀርመን የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነበረ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ የእንግሊዝ አገር የሌስተር ሐኪሞች ከጐንደር ሆስፒታል ጋር ተወዳጁ። በ1996 በአመርሻም ከተማ ባለ ትምህርት ቤትና በጐንደሩ ፋሲለደስ ትምህርት ቤት መካከል ከተጀመረው ወዳጅነት ሊንክ ኢትዮጵያ የተባለው ማኅበር ተወለደ። የመንግሥቱ ዓይነት ሦስት ጊዜ ሲለወጥ፤ የረዳቱም አገር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፤ ከምሥራቅም ወደ ምዕራብ ሲዛወር የጤናው ትምህርት ቤት ግን ቆሟል፤ ዛሬም የጐንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እንግዲህ መለኪያዎቹን ከዚህ ታሪክ ፊት እናቁማቸው።

፪. የመጀመሪያው መለኪያ፤ ጥቂት ወጪ

«ከምሰጠው ብር ስንቱ ለድኻው ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ ቅን ጥያቄ ነው። ዘረፋን ለመከላከልም ይጠቅማል። ችግሩ ግን ለድኻው ደረሰ የሚባለው ምን እንደ ሆነ አለመታወቁ ነው። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከመቶ ሰባ ለዓላማው ማስፈጸሚያ፤ ከመቶ ሠላሳ ለአስተዳደር እንዲሆን ወሰነ። ወሰኑ ራሱ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን አዋጁን ተከትሎ የወጣው መመሪያ ከሥልጠና፤ ከመጓጓዣና ከሥራ ክትትል ጋር የተያያዙ ብዙ ወጪዎችን በአስተዳደር ውስጥ ቈጠራቸው። በዚህ ሒሳብ ደብተርና እርሳስ ማደል «ለድኻው የደረሰ» ነው፤ ነርስ ወደ ጃናሞራ ወርዳ የገጠር ባልደረባዋን ስታስተምር የምትሳፈርበት መኪና ግን «የአስተዳደር ወጪ» ሊሆን ነው። የ1954ቱ ኮሌጅ በዚህ መለኪያ ቢመዘን ኖሮ ወድቆ በተገኘ ነበር፤ ሥራው ሁሉ ሥልጠናና መጓጓዣ ነበርና።

በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህንን አሻሽሎ የአስተዳደር ወጪ ከመቶ ሃያ እንዳይበልጥ ሲወስን፤ አስተዳደር የሚለውን ቃል ትርጕም ግን አጠበበው። ቁጥሩ ቢቀንስም ለሥራው የተተወው ቦታ ሰፋ። ከዚህ የምንማረው፤ የወጪ ቁጥር ትርጕሙ ሳይታወቅ መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ነው።

፫. ሁለተኛው መለኪያ፤ በዓይን ማየት

በዓይን ማየት ከወሬ ይሻላል የሚለው እውነት ነው። ይሁን እንጂ እንግዳ የሚያየው መንገድ የሚያሳየውን ነው። ጐንደር የአውሮፕላን ማረፊያ፤ ሆቴልና የፋሲል ግንብ ያላት ከተማ በመሆንዋ በእንግዳ የሚጐበኙ ማኅበሮች በብዛት በከተማዋ ውስጥ ሆኑ። ከጐንደር ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደባርቅ የደረሰ እንግዳ ሰሜን ተራሮችን ለማየት ያልፋል እንጂ፤ በደረስጌ ማርያም አልፎ ጃናሞራን፤ ከዚያም ወዲያ በየዳን ለማየት የሚሄደው ጥቂት ነው። ድኽነቱ ግን ከመንገዱ በራቀ መጠን ይበረታል እንጂ አይቀንስም።

ሌላም ነገር አለ። በፒያሳ እንግዳውን ቀርቦ ገንዘብ አልፈልግም፤ መዝገበ ቃላት ወይም ደብተር ግዛልኝ የሚለው ልጅ፤ እንግዳው ሲርቅ ዕቃውን ለባለ ሱቁ መልሶ በቅናሽ እንደሚሸጠው በብዙ የአገራችን ከተሞች የታወቀ ነገር ነው። በልጁ መፍረድ ቀላል ነው። ልጁ ግን የተማረው አንድ ነገር ነው፤ እንግዳው በእጁ ገንዘብ መስጠት እንደሚያሳፍረው፤ መጽሐፍ መስጠት ግን እንደሚያስደስተው ዐውቋል። አንዳንድ ማኅበርም ይህንኑ ትምህርት በትልቁ ተምሮታል። እንግዳው ቀለም መቀባት እንዲወድ ስለ ታወቀ በየዓመቱ የሚቀባ ግድግዳ ይዘጋጅለታል።

ከዚህ ጋር የዓይን ማዝን ሥራ ማነጻጸር ይገባል። በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ የአማራ ክልል ነው። ካርተር ማእከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆኖ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሠራው ሥራ አራት ክፍል አለው፤ የተገለበጠ ሽፋሽፍትን በቀዶ ጥገና ማቅናት፤ መድኃኒት ማደል፤ ፊትን መታጠብና መጸዳጃ ቤት መቈፈር ነው። ከእነዚህ አንዱም ለጐብኚ የሚያምር ትርኢት አይደለም። የተቈፈረ መጸዳጃ ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣ ፈቃደኛ ብዙ አይገኝም። ሥራው ግን መኪና በማይገባበት ቀበሌ ጭምር የሚደርስ ነው፤ የሚያደርሱትም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የመንደሩ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ በዓይን የሚታየው ሁሉ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመውም ሁሉ በዓይን አይታይም።

፬. ሦስተኛው መለኪያ፤ ስሙ የታወቀ ልጅ

ከአራቱ መለኪያዎች ልብን የሚነካው ይህ ነው፤ ጉዳቱም የከፋው በዚሁ ነው። በካምቦዲያ በ2011 በወጣ ጥናት፤ በሕፃናት ማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው ታወቀ። ማሳደጊያው የበዛው የሙት ልጅ ስለ በዛ ሳይሆን የሙት ልጅ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ስለ በዛ ነበር። አገራችንም ከዚህ ፈተና ነጻ አልነበረችም። በ2010 ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,000 በላይ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ወላጅ እያላቸው ወላጅ እንደሌላቸው ተደርጎ የተጻፈላቸው ልጆች ነገር ሲገለጥ ክርክሩ በረታ፤ በ2018ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ወደ ውጭ አገር የሚደረገውን ጉዲፈቻ ከለከለ።

ለአንድ ልጅ በየወሩ ገንዘብ መላክ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ ልጁ ከእናቱ ቤት ሳይወጣ ይረዳልና። በጐንደርም በዚህ መንገድ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ መንገዱን በጅምላ መንቀፍ ትክክል አይሆንም። የሚነቀፈው ልጁ ለመረዳት ሲል ድኽነቱን ዘወትር እንዲያሳይ መገደዱ ነው። ደብዳቤ ይጽፋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ያመሰግናል። በጎረቤት ያለው እኩያው ደግሞ ፎቶግራፉ ስላልተመረጠ ብቻ ይቀራል።

እዚህ ላይ የራሳችንን አሮጌ ሥርዓት ማስታወስ ይጠቅማል። ጐንደር ከጥንት ጀምሮ የአቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ አገር ናት፤ የበዓታ ጉባኤ ቤት ለአቋቋም ማስመስከሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። የቆሎ ተማሪው ከሩቅ አገር መጥቶ ደበሎውን ለብሶ፤ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ሰጪዋ ባልቴት የልጁን ስም አትጠይቅም፤ ደብዳቤም አትጠብቅም። የምትሰጠው ለዚያ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለትምህርቱ ነው፤ ልጁም የሚቀበለው እንደ ምስኪን ብቻ ሳይሆን እንደ ተማሪ ነው። በዚህ አሰጣጥ አያሌ ሊቃውንት ወጥተዋል። ይህን ስንል ሥርዓቱ ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ በረኃብ፤ በውሻና በበሽታ እንደሚሠቃይ ሁሉም ያውቃል፤ ሴት ልጅም ከዚህ ትምህርት በአብዛኛው ተለይታ ኖራለች። ነገር ግን የተቀባዩን ክብር ጠብቆ መስጠት እንደሚቻል ምስክሩ ከደጃችን እያለ፤ ይህን ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ዕውቀት መቍጠር አይገባንም። ከባሕር ማዶ የሚመጣው እንግዳ በሚያየው የማኅበሮች ዝርዝር ውስጥም ጉባኤ ቤቶች የሚገኙት ከስንት አንድ ነው።

፭. አራተኛው መለኪያ፤ የአገር ልጅ ያቋቋመው

ይህ መለኪያ ከሦስቱ ይልቅ ወደ እውነት ይቀርባል። በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በረኃብ የተጐዱ ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱት ወይዘሮ አበበች ጎበና ያቋቋሙት ድርጅት፤ እሳቸው በ2021 ካረፉ በኋላም መቀጠሉ የአገር ልጅ ሥራ ምን ያህል እንደሚጸና ያሳያል። ይሁን እንጂ «የአገር ልጅ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስ አይሆንም። ለውጭ ሰጪ ብቻ የሚናገር፤ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ፤ ቦርዱን ከዘመዶቹ የሚመርጥ ማኅበር፤ መሥራቹ የአዘዞ ልጅ ቢሆንም ለአዘዞ ሕዝብ እንግዳ ነው።

እድርን እንመልከት። እድር ገንዘቡን በየወሩ በአባላቱ ፊት ይቈጥራል፤ ዳኛውን አባላቱ ይሾሙታል፤ ይሽሩታልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለእንዲህ ያለው ማኅበር ነው። ጉድለቱ ደግሞ ወርኃዊውን መክፈል የማይችለውን የመጨረሻውን ድኻ በሩ ላይ መተዉ ነው። ስለዚህ የሚሻለው፤ የእድርን ሒሳብ አያያዝ ከውጭ ማኅበሩ ዓላማ ጋር ማጋባት ነው፤ ይኸውም በሩ ለማይከፍለው ድኻ ይከፈት፤ ሒሳቡ ግን በሕዝብ ፊት ይቈጠር።

በዚህ ክፍል አንድ ሌላ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። እኛ «በጎ ፈቃደኛ» የምንለው በአውሮፕላን የመጣውን ነው። በዳባት ወይም በደባርቅ ገጠር ያለ ደመወዝ ከቤት ቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሮችን ወደ ጤና ኬላ እንዲሄዱ የምትመክር፤ የሴቶች የልማት ሠራዊት ተብላ የተሰለፈች ገበሬ ሴት በዚህ ስም ስትጠራ አንሰማም። እንግዳው ለሁለት ሳምንት ፈቃዱ ይመሰገናል፤ እርስዋ የዓመታት ድካምዋ እንደ ግዴታ ይቈጠርባታል። ፈቃደኛን ማክበር ከተፈለገ ከእርስዋ መጀመር ይገባል፤ ከክብሩም ጋር ለድካምዋ ዋጋ መክፈልን ማሰብ ያስፈልጋል።

፮. ስለሚነሣው ተቃውሞና ስለ ተሻለው መለኪያ

አንድ ሰው፤ «የተራበ ሰው ፊት መለኪያ ይዞ መቆም ምን ይባላል?» ብሎ ሊቃወም ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። በ2021 ጦርነቱ እስከ ዳባት በደረሰ ጊዜ፤ በ2023ም ድርቅ ጃናሞራንና በየዳን በመታ ጊዜ፤ የሚያስፈልገው እህል እንጂ ሥልጠና አልነበረም። ለእንዲህ ያለው ቀን መለኪያው ሌላ ነው፤ ማን ቀድሞ ደረሰ፤ ማንስ እስከ ዳር ቀበሌ ደረሰ የሚል ነው። በዚያም ቀን ተፈናቃዩን መጀመሪያ የተቀበሉት የዘመድና የጎረቤት ቤቶች ነበሩ። እኛ የምንለው፤ የረኃብ ቀን መለኪያ የዘወትሩን ቀን መለኪያ እንዳይሆን ነው። ብዙ ማኅበሮች ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘወትር የረኃብ ቀን እንደ ሆነ አድርገው ይለምናሉ።

ለዘወትሩ ግን ሦስት ጥያቄዎች ከአራቱ መለኪያዎች ይሻላሉ ብለን እናምናለን። አንደኛ፤ እንግዳው ባይመጣ ሥራው ይቆማልን? ይህ ፈተና በእውነት ተፈትኗል። በ2020 ኮቪድ፤ ከዚያ ጦርነት፤ ከነሐሴ 2023 በኋላም በክልሉ የተነሣው ግጭት ተከታትለው የውጭ እንግዳን ከጐንደር አራቁት። በእነዚያ ዓመቶች በሩን ያልዘጋ ማኅበር ማንም ሳያየው የሚሠራ ማኅበር መሆኑን አስመስክሯል። ሁለተኛ፤ ተረጂው «አይሆንም» የማለት ሥልጣን አለውን? ሒሳቡስ በአማርኛ ይነበብለታልን? ሦስተኛ፤ ረዳቱ ሲሄድ በማን እጅ ምን ዕውቀት ይቀራል? የሌስተር ሐኪም ከጐንደር ሐኪም ጋር አብሮ ሲያስተምር፤ ወይም የሚጥል በሽታ ሕክምና ከሆስፒታል ወጥቶ በገጠር ጤና ጣቢያ በነርስ እጅ ሲሰጥ፤ መልሱ ግልጽ ነው። ቋንቋ የማያውቅ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ለሦስት ሳምንት የመጀመሪያ ደረጃ ክፍል ሲረከብና መምህሩ በጓሮ ሲቀመጥ ግን፤ መልሱ ከዚያ ያላነሰ ግልጽ ነው።

የ1954ቱ ኮሌጅም ቢሆን በእነዚህ ጥያቄዎች ያለ ነቀፋ አያልፍም። ለገጠር የሠለጠነው የጤና መኮንን ቀስ በቀስ ወደ ከተማና ወደ ሕክምና ዶክተርነት አዘነበለ፤ የጤና መኮንን ሥልጠናውም የሕክምና ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ተቋርጦ እስከ 1990ዎቹ ቆየ። ይህ ግን የሚያሳየው ጥሩ ጅምር ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ነው፤ ጠባቂውም ከባሕር ማዶ ሊመጣ አይችልም።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ታየው፤ ጥቂት ወጪ፤ የዓይን ምስክር፤ የልጅ ፎቶግራፍና የመሥራቹ ትውልድ እያንዳንዳቸው ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን አራቱም የሚመልሱት የሰጪውን ጭንቀት ነው። የተቀባዩን ጥያቄ አይመልሱም። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲያችን የሚገኙ ተማሪዎች፤ በተለይም የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ተከታታዮች፤ ሁለት ሥራ እንዲጀምሩ እናሳስባለን። አንደኛው በጐንደርና በደባርቅ ሠርተው የሄዱ ማኅበሮችን ታሪክ ከተረጂዎቹ አፍ መሰብሰብ ነው፤ እነዚያ ተረጂዎች ዛሬ አድገው ራሳቸው አባትና እናት ሆነዋልና። ሁለተኛው የእድሮችን የሒሳብ አያያዝ መዝግቦ ለበጎ አድራጎት ማኅበሮች አርአያ እንዲሆን ማቅረብ ነው። ይህ ከተሠራ፤ «የትኛውን ልርዳ?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ የጐንደር ሕዝብ ራሱ መልስ ሊሰጠው ይችላል።